ወዙ የሄደ ፀጉር

ጥር ላይ ነው። ነጭ ነጠላ ለብሼ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ትከሻዬ ላይ እንደ ገለባ የተበተነ ነገር አየሁ። አቧራ መስሎኝ ላራግፈው ስል ጣቴ ላይ ተጣበቀ። የራሴ ፀጉር ነበር። ከሥሩ የተነቀለ አይደለም፤ ከመሃል ቅጭም ያለ፣ ከጣት ጥፍር የማይረዝም ቁርጥራጭ ነው። 17 ቆጥሬ ተውኩት።

ከዚያ በፊት ለ6 ሳምንት ያህል በየቅዳሜው ፀጉር ቤት እየሄድኩ ትሪትመንት እሠራ ነበር። ፀጉሬ ለዓመታት ሪላክሰር የተቀባ፣ ጫፉን ደግሞ ቀለም የነካው ነው። የምትሠራኝ ልጅ ከልቧ አዝና፣ «የኔ እህት፣ ፀጉርሽ ተጎድቷል፣ ፕሮቲን ይፈልጋል» አለችኝ፤ እሺ አልኩ። ቀባችኝ፣ በፌስታል ጠቀለለችኝ፣ ካስክ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደስ ይል ነበር፤ ፀጉሬ ወፈረ፣ ጠነከረ፣ አብረቀረቀ። በአራተኛው ሳምንት ማበጠሪያ ሲገባበት እንደ ደረቀ ሣር ይንኮሻኮሽ ጀመር። «ገና ስላልጠገበ ነው፣ እንጨምርበት» ተባለ። ጨመርንበት። ነጠላዬ ላይ የተበተነው እሱ ነው።

የእኔ ብቻ ችግር ቢሆን አልጽፈውም ነበር። ጉዳዩን ባነሳሁበት ቦታ ሁሉ «ፕሮቲን ተሠርቼ ፀጉሬ እንጨት ሆነ» የምትል ሴት አላጣሁም። አንዷ ከድሬዳዋ፣ አንዷ ከጅዳ የመጣች፣ ሌላዋ ሪላክሰር ነክቷት የማያውቅ፣ ፍሪዟን ስታሳድግ የኖረች ናት። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት አስፈለገኝ፤ ፕሮቲን ፀጉርን በእውነት ያደርቃል? ካደረቀስ ወዙ በምን ይመለሳል?

እንቆቅልሹ የሚጀምረው ፀጉር ራሱ ፕሮቲን በመሆኑ ነው። ከክብደቱ አብዛኛው ኬራቲን ነው፤ የቀረው ውሃ፣ ጥቂት ስብና ቀለም ነው። በተለመደ አየር ውስጥ ደረቅ የምንለው ፀጉር እንኳ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል፤ ሲዘፈዘፍ ደግሞ የክብደቱን 30 በመቶ ያህል ይጠጣል። ከላይ የሚሸፍነው እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበ ስስ ሽፋን ነው። በዚህ ቅርፊት ላይ ደግሞ በዓይን የማይታይ፣ ከፀጉሩ ጋር በኬሚካል የተያያዘ የስብ ንጣፍ አለ። ጤነኛ ፀጉር ከእጅ የሚሙለጨለጨው፣ ውሃ ሲነካው ቶሎ የማይበሰብሰው በዚህ ንጣፍ ምክንያት ነው። ሪላክሰርም ሆነ ማንጫ ቀለም ይህን ንጣፍ ይገፈዋል። ፀጉር ከራስ ቆዳ ከወጣ በኋላ ሕይወት የለውም፤ ቁስል እንደሚድነው አይድንም፤ የተገፈፈውን ስብ መልሶ አያበቅልም።

በትሪትመንቱ ማሰሮ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሙሉ ኬራቲን አይደለም። ከበግ ፀጉር፣ ከስንዴ፣ ከሐር፣ ከአኩሪ አተር ወይም ከእንስሳት ቆዳ ተወስዶ የተሰባበረ ነው፤ ማሸጊያው ላይ «ሃይድሮላይዝድ» የሚባለው ለዚህ ነው። በጣም ደቃቁ ቅንጣት ወደ ፀጉሩ ውስጥ ይዘልቃል። ተለቅ ያለው ግን ውጪ ቀርቶ እንደ ስስ ቫርኒሽ ይለጠፋል። ቅርፊቱ የተቦረቦረ ፀጉር ይህን በደስታ ይቀበላል፤ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ፀጉሩ ወፍሮ ይሰማል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎቼ ደስታ ከዚህ የመጣ ነው። በየሳምንቱ ሲደጋገም፣ በመሃል የሚያለሰልስ ነገር ሳይገባና በካስክ ሙቀት ሲደርቅ ግን ሽፋኑ ይከርራል። ፀጉር ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚታጠፍ ነገር ነው፤ በአንገት ልብስ ይታሻል፣ በትራስ ይጠመዘዛል፣ በላስቲክ ይታሰራል። መታጠፍ ያቃተው ይቀጫል።

እዚህ ላይ ባለሙያዎች ይከራከራሉ። «የፕሮቲን ብዛት» የሚለው ሐሳብ ገኖ የወጣው የተፈጥሮ ፀጉራቸውን መያዝ ከጀመሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ዘንድ ነው፤ ፕሮቲንና ርጥበት እንደ ሚዛን ሁለት እጆች እኩል መሆን አለባቸው ይላሉ። ብዙ የመዋቢያ ኬሚስቶች ግን ይህን ሚዛን አይቀበሉትም። የሚታጠብ ኮንዲሽነር ውስጥ ያለው ፕሮቲን ጥቂት ነው፣ አብዛኛውም ከውሃው ጋር ይወርዳል፣ የሚሰበረው ፀጉር ቀድሞውኑ በኬሚካልና በሙቀት የተጎዳው ነው ይላሉ። ሁለቱንም ወገን ሳዳምጥ እውነቱ የተከፋፈለ መሰለኝ። ሴቶቹ በእጃቸው የሚዳስሱት ክረት ሐሰት አይደለም፤ በየሳምንቱ በሙቀት የሚደርቅ ጠንካራ ትሪትመንትም ታጥቦ እንደሚወርድ ኮንዲሽነር አይቆጠርም። ኬሚስቶቹም እውነት አላቸው፤ የእኔ ፀጉር በፕሮቲን ብቻ አልተሰበረም። ሪላክሰሩ አዳከመው፣ ቀለሙ ገፈፈው፣ ፕሮቲኑ አከረረው፣ የጥር አየር ጨረሰው። መድኃኒቱ በሁለቱም ወገን አንድ መሆኑ ደግሞ በጎ ነገር ነው።

እንግሊዝኛው የጠፋውን ነገር በአንድ ቃል ርጥበት ይለዋል። የእኛ ቋንቋ ግን ሁለት ቃል አለው፤ ርጥበትና ወዝ። ልዩነቱ እዚህ ጋ ትልቅ ነው። ቀለም የገፈፈው ፀጉር ከጤነኛው ይልቅ ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ይበልጥም ያብጣል፤ ሆኖም ሲዳሰስ ደረቅ ነው። ስለዚህ እጃችን «ደርቋል» ሲለን የሚለካው በውስጡ ያለውን ውሃ አይደለም፤ የላዩን መሻከር፣ አንዱ ፀጉር ከሌላው ጋር መፋተጉን ነው። እናቶቻችን «ወዙ ሄደ» የሚሉት ይህን ነው። በየሰዓቱ ውሃ የሚነፉበት ሴቶች ድካማቸው ከንቱ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ውሃው ይገባል፣ ይወጣል፣ በገባና በወጣ ቁጥር ፀጉሩ ያብጣል፣ ይኮማተራል፣ ይበልጥ ይዝላል።

ታዲያ ፀጉሬ የከረረው በፕሮቲን ይሁን በሌላ በምን ላውቅ? አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፤ ግን በተለይ በከርዳዳ ፀጉር ላይ በጥንቃቄ መሠራት አለበት። ሲበጠር የወደቀ አንድ ፀጉር ይወሰድና ውሃ ውስጥ ይነከራል። ሁለቱን ጫፎች ይዞ ቀስ ብሎ ይሳባል። መጀመሪያ ጥቅልሉ ይፈታል፤ ይህ መለጠጥ አይደለም፣ ብዙዎች እዚህ ይሳሳታሉ። ጥቅልሉ ካለቀና ፀጉሩ ቀጥ ካለ በኋላ ያለው ነው የሚታየው። ጤነኛ ፀጉር እርጥብ ሆኖ ሲሳብ እንደ ላስቲክ ትንሽ ሰጠት ይልና ሲለቁት ይመለሳል። እንደ ማስቲካ እየተሳበ ሄዶ የማይመለስ ከሆነ ውስጡ ላልቷል፤ ለዚያ ፀጉር ፕሮቲን ይረዳዋል እንጂ አይጎዳውም። ምንም ሳይሰጥ ጠቅ ብሎ ከተበጠሰ ከርሯል ማለት ነው። አምስት ስድስት ፀጉር ከተለያየ ቦታ መሞከር ይሻላል፤ የእኔ የመሃል አናቴ ፀጉር ይመለስ ነበር፣ የጫፎቹ ግን ክር እንደመበጠስ ያህል እንኳ አላስቸገሩኝም። ፀጉርን በብርጭቆ ውሃ ላይ አንሳፍፎ መስመጡንና አለመስመጡን ማየት የሚባለውን ግን ተዉት፤ ቅባት የነካው ፀጉር ሁሉ ይንሳፈፋል።

ከርሯል ከተባለ የመጀመሪያው ሥራ መተው ነው። ትሪትመንቱን ብቻ መተው አይበቃም፤ ሻምፖውም፣ ኮንዲሽነሩም፣ ጄሉም ፕሮቲን ሊኖረው ይችላል። እኔ ቤቴ ያሉትን 5 ዕቃዎች አገላብጬ ሳነብ በ4ቱ ላይ አገኘሁት። ኬራቲን፣ ኮላጅን፣ ሲልክ፣ ዊት ፕሮቲን፣ ሶይ ፕሮቲን የሚሉ ቃላት ናቸው የሚፈለጉት። ከዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ ከተጻፈ ብዙ ነው፣ ከሽቶው በኋላ ከተጻፈ ኢምንት ነው። ሂናም እዚሁ ውስጥ ይግባ፤ ፕሮቲን ባይሆንም ቀለሙ ከኬራቲን ጋር ተጣብቆ ፀጉርን ያጠነክራል፣ ያከርራልም።

ሁለተኛው በደንብ ማጠብ ነው፤ አንድ ጊዜ፣ ጠንከር ባለ ሻምፖ። ሽፋኑ የተገነባው ቀስ በቀስ ነውና ሁሉንም ባንዴ ለመላጥ በየቀኑ ማጠብ ሌላ ጉዳት ነው። የልብስ ሳሙና ግን አይነካም። ሳሙና አልካሊ ነው፣ ቅርፊቱን ይከፍታል፤ ቤኪንግ ሶዳም እንዲሁ። የውሃው ዓይነትም ይወስናል። የድሬዳዋን ውሃ የሚያውቅ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቃል፤ ያው ካልሲየም ፀጉር ላይም ይጋገራል። ያቺ የድሬዳዋ ሴት ፕሮቲን አበዛሁ ብላ ስትጨነቅ ከችግሯ ግማሹ ከቧንቧ የሚመጣ ነበር። ለእንዲህ ያለው ማዕድን የሚይዝ፣ ኢዲቲኤ የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት ሻምፖ ይጠቅማል፤ ካልተገኘ አንድ ማንኪያ አቼቶ በሁለት ኩባያ ውሃ በጥብጦ መጨረሻ ላይ ማፍሰስም ይረዳል። ፀጉር ጠባዩ ወደ አሲድ ያዘነበለ ነው፤ ለስላሳ አሲድ ቅርፊቱን ያስተኛል።

ከዚያ የሚመጣው ኮንዲሽነር ነው፤ በእኔ እምነት ሥራውን በእውነት የሚሠራው እሱ ነው፤ ፀጉር ቤቶቻችን ደግሞ በጣም የናቁት። የተጎዳ ፀጉር ላዩ ላይ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያበዛል። የኮንዲሽነሩ ዋና ንጥረ ነገር አንድ ጫፉ ፖዘቲቭ ነው፣ ሌላው ጫፉ ረጅም የስብ ጭራ ነው። ፖዘቲቩ ጫፍ የተጎዳውን ቦታ ፈልጎ ይይዛል፤ ጭራው ወደ ውጪ ይቀራል። የተገፈፈው የስብ ንጣፍ በሰው ሠራሽ መንገድ ለጥቂት ቀን ተተካ ማለት ነው። ማሸጊያው ላይ ሴቲል አልኮል ወይም ሴቴሪል አልኮል የሚል ሲያዩ የሚደነግጡ አሉ፤ እነዚህ በስም አልኮል ይባሉ እንጂ ሰም የመሰሉ ስቦች ናቸው፣ ያለሰልሳሉ። አቀባቡም ቁም ነገር አለው። ፀጉሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ፣ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ፣ በጣት እያፍታቱ። ማበጠሪያ ከጣት በኋላ ነው። 10 ደቂቃ ይበቃል። ሌሊቱን ሙሉ ተቀብቶ ማደር ጥቅሙ አይታየኝም፤ የተጎዳ ፀጉር በውሃ አብጦ በቆየ ቁጥር ይዝላል።

አሁን ወደ ቅቤው። አክስቴ የፀጉሬን ነገር ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ቅባት ሳትነኪ ነው እንዴ የምትታጠቢው?» እኔ ከታጠብኩ በኋላ እንደምቀባ ነገርኳት። «ከታጠብሽ በኋላማ ምን ያደርግልሻል? ቀድመሽ ነው እንጂ» አለች። እሷ ባደገችበት አገር ለጋ ቅቤ አናት ላይ ይደረግና ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቅቤው በሰውነት ሙቀት ይቀልጣል፣ በሹሩባው መስመር እየወረደ እስከ ጫፍ ይደርሳል፤ በማግስቱ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ይታጠባሉ። ይህ ቅደም ተከተል የእናቶች ልማድ ብቻ መስሎኝ ነበር። ግን በ2003 (እ.ኤ.አ.) ሁለት የሕንድ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የኮኮናት ዘይት ከመታጠብ በፊት ሲቀባ ፀጉር ሲታጠብ የሚያጣውን ፕሮቲን እንደሚቀንስ፣ የሱፍ ዘይትና የማዕድን ዘይት ግን ይህን እንደማያደርጉ ታይቷል። ምክንያቱ ላውሪክ አሲድ የሚባለው ስብ ቀጭንና ቀጥ ያለ በመሆኑ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚዘልቅ ነው።

ቅቤ እንደ ኮኮናት ነው ማለቴ አይደለም። በኮኮናት ዘይት ውስጥ ላውሪክ አሲድ ግማሽ ያህል ነው፤ በቅቤ ውስጥ ጥቂት ነው። ቅቤ በአብዛኛው ላይ ላዩን ነው የሚሠራው፤ መፋተግን ይቀንሳል፣ ውሃ ቶሎ እንዳይገባና እንዳይወጣ ይይዛል። ለከረረ ፀጉር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሐመሮች ቅቤን ከቀይ አፈር ጋር ለውሰው ፀጉራቸውን የሚሠሩት በቆላ ፀሐይ ሥር ነው፤ ያ አየር ባዶ ፀጉርን አይምርም። ፎረፎር ያለበት ሰው ግን ቅቤውንም ዘይቱንም ከራስ ቆዳ ያርቅ፤ ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ ስብ ይወዳል። ጠረኑ ያስቸገራት ደግሞ የኮኮናት ወይም የወይራ ዘይት ትጠቀም፤ አክስቴ ባትስማማም።

ግሊሰሪን የብዙ ቤት መፍትሔ ነው፤ ከፋርማሲ በርካሽ ይገኛል። ውሃን ከአየር ይስባል፤ ችግሩ አየሩ ውሃ ሲያጣ ነው። በአዲስ አበባ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ አየር ሳይበጠበጥ ጥሬውን የተቀባ ግሊሰሪን ተጣብቆ አቧራ ከመሰብሰብ ያለፈ አይረዳም። ጅዳ የነበረችው ሴት ተቃራኒውን ነግራኛለች፤ እዚያ ከባሕሩ የሚነሳው እርጥብ አየር ከግሊሰሪኑ ጋር ሆኖ ፀጉሯን እንደ ጥጥ ያሳብጠው ነበር። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ክረምቱን በማሞቂያ ቤት ውስጥ ስለሚያሳልፉ የእኛን ጥር ለወራት ይኖሩታል። ግሊሰሪን የምትወድ በብዙ ውሃ አቅጥና ከላዩ ዘይት ትደርብበት።

ከማዕድ ቤት የሚወጡትን በአጭሩ ልለፋቸው። እንቁላል ፕሮቲን ነው ብለው የሚፈሩትም የሚመኩበትም ተሳስተዋል፤ የነጩ ፕሮቲን ወደ ፀጉር ውስጥ ለመግባት እጅግ ትልቅ ነው፤ የሚያለሰልሰው የአስኳሉ ስብ ነው። በሙቅ ውሃ ያጠበችው ፀጉሯ ላይ ጥብስ ትሠራለች። በቻይና ጓንግሺ የሚኖሩ የያኦ ሴቶች ፀጉራቸውን የሚያጥቡበት የሩዝ ውሃ እኛም ዘንድ ደርሷል፤ ስታርቹ ሽፋን ይሠራልና ለከረረ ፀጉር በክረት ላይ ክረት ነው። ተልባ ግን ደግ ነው። ሁለት ማንኪያ በሁለት ኩባያ ውሃ ተፈልቶ ሳይቀዘቅዝ በቀጭን ጨርቅ ሲጠለል የሚወጣው ልጋግ ፀጉርን ሳያከርር ያሙለጨልጫል፤ ከቀዘቀዘ አይጠለልም፣ ጨርቁ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። እሬትም ጥሩ ነው። አቮካዶው ለሆድ ይሁን።

ስሙ አንድ በመሆኑ ብዙዎችን የሚያሳስት ሌላ ነገር አለ፤ «ኬራቲን» ወይም «ብራዚሊያን» እየተባለ ፀጉርን የሚያቃናው ሥራ። ይህ ፀጉርን በፕሮቲን መመገብ አይደለም። ፎርማልዴይድ ወይም ሲሞቅ ፎርማልዴይድ የሚለቅ ኬሚካል ፀጉሩን በፒያስትራ ሙቀት ቀጥ አድርጎ ያስረዋል። በ2010 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ፎርማልዴይድ የለበትም ተብሎ የተሸጠ ምርት መርምሮ በብዛት አግኝቶበታል። ፎርማልዴይድ ካንሰር አምጪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጢሱን የምትተነፍሰው ደግሞ ከደንበኛዋ ይልቅ ሠራተኛዋ ናት። የከረረ ፀጉርን በዚህ ላለዝበው የምትል ካለች ትቅርባት። ፒያስትራውም ራሱ እርጥብ ፀጉር ላይ ሲያርፍ ውስጡ ያለውን ውሃ አፍልቶ ፀጉሩን ከውስጥ ያሳብጠዋል፤ ሐኪሞች በማይክሮስኮፕ ሲያዩት አረፋ የቋጠረ ይመስላል፤ እዚያ አረፋ ላይ ነው የሚሰበረው።

ሥጋና ሽሮ በመብላት ፀጉር በፕሮቲን አይከርርም፤ ይህን ጠይቀውኝ ያውቃሉና ነው የምጽፈው። በተቃራኒው የብረት እጥረት ወይም የታይሮይድ ሕመም ፀጉርን ያሳሳል፣ ያደርቃል። ፀጉር ከነሥሩ ሲረግፍ፣ ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ሲኖር፣ ወይም ምንም ኬሚካል ሳይነካው ከራስ ቆዳው አጠገብ ሲቀጭ ነገሩ የፀጉር ቤት ጉዳይ አይደለም፤ ደም ተመርምሮ ሐኪም ይየው።

የቀረው ጊዜ ነው። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ትከሻ የሚደርስ ፀጉር ጫፉ ላይ ያለው ከሁለት ዓመት በላይ የኖረ ነው፤ ያ ጫፍ ያለፈበትን ሁሉ ምንም ቅባት አያስረሳውም። እኔ ፕሮቲኑን ካቆምኩ፣ ዓርብ ማታ ዘይት ተቀብቼ ቅዳሜ ጠዋት መታጠብ ከጀመርኩ፣ በሳቲን ሻሽ መተኛት ከለመድኩ በአምስተኛው ሳምንት ፀጉሬ መንኮሻኮሹን ተወ። ፕሮቲንን ለዘላለም አልማልኩበትም፤ ሥሩ ላይ ሪላክሰር እስካለ ድረስ በሁለትና በሦስት ወር አንዴ፣ ያለ ካስክ፣ ኮንዲሽነር ተከትሎት ይገባል። ጫፎቹ ግን አልተመለሱም። የምትሠራኝ ልጅ ጋ ተመልሼ ሄድኩ፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ እርጥቡን ፀጉር ስቤ አሳየኋት፤ እሷም ከወለሉ ላይ የሌላ ደንበኛዋን ፀጉር አንስታ፣ ቧንቧው ሥር አርጥባ ሳበችው። ሰጠት አለና ተመለሰ። ደግማ ሞከረችው። ከዚያ መቀሱን አነሳችና፣ «አራት ጣት ልቁረጠው፣ እሺ?» አለችኝ።